«ወይዘሮ» ማን ናት?

ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ልናወጋችሁ ነው። ቃሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ እኛም የምናውቃት መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዲላ፣ በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ቡና መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ አንድ ወረቀት ለማስጨረስ አብረናቸው ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ ሠራተኛዋ «ወይዘሮ» ብላ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጠራች። እናታችን ዝም። ደግማ ጠራች። አሁንም ዝም። ሰፈር ውስጥ ሁሉም በትልቁ ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» ነው የሚላቸው። ትከሻቸውን ነካ ብናደርጋቸው ደንግጠው «እኔን ነው እንዴ? ወይዘሮ ሲሉ የትልቅ ሰው ሚስት መስሎኝ!» አሉን።

ሳቅን። ሠራተኛዋ ግን ቀና ብላ አየቻቸውና «አንቺ ነሽ? ነይ ፈርሚ!» አለቻቸው። ወረቀቱ «ወይዘሮ» ይላል፣ አፉ «አንቺ» ይላል። ሳቃችን እዚያው ቀረ።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ቡና ላይ ተሰብስበን ይህንኑ አነሣን። ነገሩን ስናየው፣ ፊደል ያልቆጠሩት እናታችን ትክክል ሆነው ተገኙ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን «ወይዘሮ» ከንጉሥ ዘር የተወለደች ሴት ማዕረግ ነበር። የገበሬ ሚስት ወይዘሮ አትባልም ነበር። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንት ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተሜው ቤት ቀስ እያለ ወረደ። ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ፣ ያላገባች ሁሉ ወይዘሪት ናት። የንጉሠ ነገሥቱ ሴት ልጆች ደግሞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ልዕልት» ይባሉ ነበር።

የቀሩትም ቃላት እንዲሁ አንድ አይደሉም። «እቴጌ» የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ማዕረግ ነው፤ ጣይቱ እቴጌ ነበሩ፣ መነንም እቴጌ ነበሩ። ዘውዲቱ ግን በ1909 ዓ.ም ዘውድ ሲጭኑ የተባሉት «ንግሥተ ነገሥታት» ነው፤ በገዛ ስማቸው የነገሡ ናቸውና። «እመቤት» ደግሞ ከ«እም» እና ከ«ቤት» የተሠራ ነው፤ የቤት እናት ማለት ነው። «ንግሥት» ከ«ነገሠ» መጣች። የቀደሙት ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ የተቀበሏቸው ንጉሥ የሚጠሩበት «ነጃሺ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ግዕዙ «ነጋሢ» በዐረብኛ አፍ ነጃሺ ሆነ። ስደተኛን ያስጠጋው ሰው ማዕረግና የ«ንግሥት» ሥር አንድ ነው ማለት ነው።

ለሴት ልጆቻችን የምናወጣቸውን ስሞችም አስቡ። «መሊካ» ንግሥት ናት፣ ከ«ሙልክ» የመጣች። «አሚራ» ልዕልት ናት፤ ሥሯ ማዘዝ ነው። ቆንጆ ስሞች ናቸው። ግን ቁርኣን በሱረቱ አን-ነምል ስለ ሰበእ ገዥ ሲነግረን «መሊካ» አላላትም። ሁድሁድ ለሱለይማን (ዐ.ሰ) ያመጣው ወሬ አንዲት ሴት እንደምትገዛቸው ነው። «ቢልቂስ» የምንላትም ከሙፈሲሮችና ከታሪክ ጸሐፊዎች ወስደን ነው። ሱራው ያሳየን ሥራዋን ነው። ደብዳቤው ሲደርሳት ሹማምንቷን ሰብስባ አማከረች፤ ያለ እነርሱ ጉዳይ እንደማትቆርጥም ነገረቻቸው። ነገሥታት አንድን ከተማ በኃይል ሲገቡ የተከበሩትን ሰዎች እንደሚያዋርዱም ታውቅ ነበር።

የተከበረን ሰው ለማዋረድ ግን ሠራዊት አያስፈልግም። አንድ «አንቺ» ይበቃል።

አትሳሳቱ፤ እናታችንን በፍቅር «አንቺ» እንላለን፣ እሷም ደስ ይላታል። የምንናገረው ስለ ሌላው «አንቺ» ነው፤ የለበሰችው ነጠላ ስላረጀ፣ እጇ ቡና ስለሸተተ፣ አማርኛዋ ስለተሰባበረ ብቻ ለማናውቃት ትልቅ ሴት ስለምንወረውረው። ያው አፍ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ስትመጣ «እርስዎ» ይላል።

ይህ ምድር ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። የጌዴኦም የጉጂም ሽማግሌዎች በጥንት ዘመን ስለገዛች «አኮ ማኖዬ» ስለምትባል ሴት ይተርካሉ። በትረካው ጨካኝ ናት ይሏታል። በጉጂዎች ቋንቋ «አኮ» ሴት አያት ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ገዥዋ የምትታወሰው በዘውድ ስም ሳይሆን ለአያት በሚሰጥ ቃል ነው።

ጥፋቱን በቢሮ ሠራተኛዋ ላይ ብቻ ጥለን ልንሄድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን «እኛስ? ስንልካቸው ምን ብለን ነው የምንጠራቸው?» አለ። ሁላችንም አቀረቀርን። «አንቺ፣ ቡና ለቃሚዋ» ብለን የጠራንበት ቀን ነበር። ወረቀቱን ለማስጨረስ የሄድነው እኛ፣ ወይዘሮ ያላልናቸውም እኛ።

በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ማዳበሪያ ተሸክመው ነበር። «ወይዘሮ፣ እንደምን አደሩ?» አልናቸው። እንደ ቢሮው ዕለት ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ማዳበሪያውን ተቀበልናቸው።

ልጃችሁን አሚራ በሏት፣ መሊካ በሏት፤ አላህ ያሳድግላችሁ። ግን ማዕረጉን ከልጅቷ በፊት ለአያቷ ስጧት። ከዙፋን ወርዶ ለእናቶቻችን የደረሰ ቃል ነው፤ ወረቀት ላይ ብቻ አናስቀረው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።