አመነ፤ ከዚያስ?

የፖሊስ ድራማ ትወዳላችሁ? እኔ እወዳለሁ። «አማኝ ሰው ግድያ ያለበትን ነገር ምን ብሎ ያያል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የምናየው ነገር ሁሉ በውስጣችን አንዳች ነገር ጥሎ ያልፋልና። ዛሬ ግን ስለ አንድ ክፍል ልጽፍላችሁ ወደድሁ፤ ስለ ንስሐ አጥብቄ እንዳስብ አድርጎኛልና።

ድራማው «ኮሎምቦ» ይባላል። የምነግራችሁ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካው ኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን የታየ ነው። ዳይሬክት ያደረገው ስቲቨን ስፒልበርግ ሲሆን ያኔ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ፒተር ፎልክ የሚጫወተው መርማሪ ኮሎምቦ የተጨማደደ ካፖርት የሚለብስ፣ የረሳ እየመሰለ ተመልሶ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» የሚል ሰው ነው።

በዚህ ድራማ ገዳዩን ከመጀመሪያው ታውቁታላችሁ። እኛም አገር «ሰው ለሰው» በኢቴቪ ሲታይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እያየን «ክፉው ማን ነው?» አላልንም፤ የምንጠብቀው መቼ እንደሚጋለጥ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ ተጣምረው የወንጀል ልብ ወለድ የሚያሳትሙ ዝነኛ ደራሲዎች ናቸው። እውነቱ ግን የሚጽፈው ጂም ብቻ ነው። ኬን ሥራው ቃለ መጠይቅ መስጠትና ገንዘቡን መበተን ነው። ጂም «ከእንግዲህ ብቻዬን እጽፋለሁ» ሲል ኬን ባዶነቱ ሊገለጥ ሆነ። ስለዚህ ወዳጁን ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤቱ ይወስደዋል። «ቢሮ ሥራ ይዞኛል» ብሎ ለሚስቱ እንዲደውል ያደርገውና ስልኩን እንደያዘ ተኩሶ ይገድለዋል። ሚስቲቱ የተኩሱን ድምፅ ትሰማለች፤ ባሏ ቢሮው ውስጥ የሞተ ይመስላታል። በኋላ አንዲት ባለ ሱቅ ጂምን መኪናው ውስጥ አይታው ኖሮ ዝም እንድትል ገንዘብ ትጠይቀዋለች፤ እርሷንም ይገድላታል። የመጀመሪያውን ኃጢአት ለመሸፈን ሁለተኛው አስፈለገ።

ኮሎምቦን ያስጠረጠረው ነገር ትንሽ ነው። ኬን የወዳጁን አስከሬን ደጁ ላይ «ካገኘ» በኋላ የመጡለትን ደብዳቤዎች ቁጭ ብሎ ከፍቷል። ልቡ የተሰበረ ሰው በዚያ ሰዓት ፖስታ ይከፍታል? የምኖርበት ሰፈር ስም ሳንሱሲ ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። የኬን ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሁ ነው፤ ይሥቃል፣ ይቀልዳል፣ ይጋብዛል። ያስያዘውም ያ ጭንቀት አልባነቱ ነው።

መጨረሻው ላይ ኮሎምቦ ከጂም ወረቀቶች መካከል አንድ ማስታወሻ ያገኛል። ግድያው ከነስልኩ እዚያ ተጽፏል። ኬን ይህን ሲሰማ ያምናል። ግን እንዴት እንደሚያምን ልብ በሉ፤ ሐሳቡ የራሱ እንደነበረ፣ በሕይወቱ ያፈለቀው አንድ ጥሩ ሐሳብ እርሱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ስለ ጂም አንዲት እንባ የለም። እጁ ሊታሰር ደርሶም «የእኔ ነው» የሚለው ክብሩን ነው።

ይህን ክፍል ያየሁት ከኅብረታችን ልጆች ከአንዱ ጋር ቤቴ ሆነን ነው። ሲያልቅ ዝም አለና «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ አመነ» አለኝ። ነገሩን በኋላ ነገረኝ። እናቱ ዕቁብ እንዲከፍልላቸው የሰጡትን 6,000 ብር በኳስ ውርርድ በልቶታል፤ «ታክሲ ውስጥ ተሰረቅሁ» ሊላቸው ተዘጋጅቶ ነበር። አሁን ግን ሐሳቡን ለውጦ «ጓደኞቼ ገፋፉኝ፤ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሸንፌ ነበር» ብሎ ሊያምን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትን። ንጉሥ ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ መበደሉን አምኗል። ነገር ግን መጀመሪያ በሕዝቡ አሳበበ፤ ሲያምንም ሳሙኤል በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ለመነ። ዳዊትስ? ኦርዮን የገዛ ሞቱን ደብዳቤ አሸክሞ የላከ ሰው ነው፤ ከኬን የከፋ እንጂ ያነሰ አላደረገም። ነቢዩ ናታን ስለ ድሃው ሰው በግ ተረከለት፤ ዳዊት በታሪኩ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ በቁጣ ፈረደ፤ የፈረደውም በራሱ ላይ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ በቤርሳቤህ አላሳበበም፣ በኢዮአብ አላሳበበም፣ ስለ ዙፋኑም አልለመነም። እግዚአብሔርን መበደሉን ብቻ ተናገረ።

በቋንቋችን «አመነ» የምንለው ስለ ተጠርጣሪም ስለ ክርስቲያንም ነው። ተጠርጣሪ የሚያምነው ማስረጃ ሲያጥርበት ነው። በክርስቶስ ያመነ ሰው ግን የሚናዘዘው ምሕረት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው፤ ስለዚህ ክብሩን ይዞ መቅረት አያስፈልገውም።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ለእናቱ ነገራቸው፤ «በላሁት፤ እኔ ነኝ» ብቻ ብሎ። እናቱ አልቅሰዋል፣ ተቆጥተዋል፤ ዕቁቡንም ተበድረው ከፍለዋል። እርሱ ከቀን ሥራው እየቀነሰ እየመለሰላቸው ነው። ይቅርታ ዕዳውን ለእናቱ ትቶ አልሄደም። ይህን እንድጽፍላችሁ የፈቀደልኝ ራሱ ነው።

እናንተስ? ለመናገር ያዘጋጃችሁትን ቃል በልባችሁ ድገሙት። «ግን»፣ «እነርሱ እኮ»፣ «ቢያንስ» የሚሉት ቃላት ካሉበት ገና የኬን ፍራንክሊን ኑዛዜ ነው። አውጧቸውና የቀረውን ለእግዚአብሔር፣ ከዚያም ለበደላችሁት ሰው ንገሩ። መርማሪው ተመልሶ በሩን እስኪያንኳኳ አትጠብቁ።