ዋልፖል እና ጥሬ ሥጋ

መስከረም 13

የጎቲክ ልብ ወለድ ኮርሳችን የጀመረው ከሆራስ ዋልፖል ነው። ሰውዬው «የኦትራንቶ ግንብ»ን እ.ኤ.አ. በ1764 መጨረሻ ሲያሳትም በስሙ አላወጣውም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ የጥንት ካቶሊክ ቤተሰብ ቤት የተገኘ፣ በ1529 ኔፕልስ ላይ የታተመ የጣሊያንኛ መጽሐፍ ትርጉም ነው አለ። ሲወደድለት ጊዜ በሁለተኛው እትም ደራሲው እኔ ነኝ ብሎ አረፈው። «ጎቲክ» የሚለውንም ያኔ ነው ከርእሱ ሥር የጨመረው። ቤቱም እንደ መጽሐፉ ነው፤ የስትሮውቤሪ ሂል ትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ከተቦካ ወረቀት የተቀረጸ ነው።

መስከረም 17

መስቀል። ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ያለው ሥጋ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ተጨናንቋል። ተራዬን ስጠብቅ ስልኬ ላይ ዋልፖል በ1774 ፍሎረንስ ለሚኖር ወዳጁ የጻፈውን ደብዳቤ አነባለሁ። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ገና ከሐበሻ አገር መመለሱ ነው። ዋልፖል ይሳለቅበታል፦ ሦስት ዓመት በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ በየጠዋቱ ከደንገጡሮቹ ጋር ነፍሱ ባልወጣ በሬ ቁርሱን ይበላ ነበር ይላል።

«ጋሼ፣ ሻኛ ይግባበት?» አለኝ ሥጋ ቆራጩ።

«ትንሽ ጣል አድርግበት፤ ዳጣውን ግን አትርሳ።»

ከጀርባዬ ያሉት እናት ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ እሱ ምን ቀረበት?» አሉ።

መስከረም 21

ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። ከኖራና ከድንጋይ የተሠራ እውነተኛ ግንብ አየ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሞት የተቀጡ ሰዎች ሬሳ መንገድ ላይ እየተጣለ ሌሊት ሌሊት ጅብ ከተማውን ይወርረው እንደነበር ጽፏል። ከዚህ ወዲያ ምን ጎቲክ አለ? ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ብራናዎች ይዞ መጣ፤ አንዱ ፓሪስ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ቀረ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የኦክስፎርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በመጽሐፉ ከሰው ልጆች ሴቶች ጋር የወደቁትን መላእክት ዊልያም ብሌክ ሳይቀር ሥሏቸዋል።

እንግዲህ ጥንታዊ መጽሐፍ አገኘሁ ብሎ የዋሸው ሰው፣ ጥንታዊ መጽሐፍ ተሸክሞ በመጣው ላይ ሳቀ። በርግጥ ብሩስም ንጹሕ አይደለም። ግሽ ዓባይ ላይ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶ ሳለ፣ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ሙጭጭ አለ።

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሥራ ብዬ ለመምህራችን ጻፍኩላት።

መስከረም 24

ተቀብላለች። ብሩስን እንዳላሞካሸው አስጠንቅቃ፣ ከዋልፖል ደብዳቤዎች አንዱን ብቻ ይዤ እንዳልሮጥ አክላለች። ደብዳቤዎቹ ደግሞ 48 ቅጽ ናቸው።