የማይደርቅ አንሶላ

ባለፈው ሐምሌ ጉርድ ሾላ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ሸሚዞቻችን ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ላይ ውለው አድረው አልደርቅ አሉን። እኛ ሦስት ነን፤ የሸሚዞቻችን ቁጥርም ከእኛ ብዙ አይበልጥ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። በዚያው ሰሞን ሌላው ዓለም በሙቀት ነደደ ሲባል ሰምተን፣ «ምናለ ትንሽ ቢልኩልን!» እያልን እንስቅ ነበር።

አከራያችን እማማ ግን አልሳቁም። ባለቤታቸው ወደብ ይሠሩ ስለነበር የኖሩት አሰብ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣበት በ1990 ዓ.ም. ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

«ሙቀት አትመኙ ልጆቼ» አሉን። «እናንተ ክረምት በምትሉት ወር እኛ አልጋ አውጥተን ደጅ ነበር የምናድረው። ነፋሱ ቀጥ ካለ ልጄን በእርጥብ አንሶላ እጠቀልለዋለሁ። አንሶላው አይደርቅ፣ የልጁ ገላ አይበርድ! እስኪነጋ ትንፋሹን ስቆጥር አድራለሁ።»

ዝም አልን። ኋላ ነገሩን ብናገላብጠው ለካ ሳይንሱም የሚለው ይኼንኑ ኖሯል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው፤ አየሩ ራሱ በእርጥበት ከጠገበ ግን ወዴት ይተናል? ባለሙያዎቹ ይህን የሚለኩት ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። እሱ 35 ዲግሪ ከደረሰ ጤነኛ ሰው እንኳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ብዙ ሰዓት አይቋቋመውም። እማማ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለሉት ልጃቸውን ነው።

በሙቀት መዝገብ የአገራችን ስም የሚነሣው በዳሎል ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ የአፋር ምድር፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተለካው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ ያልፋል፤ ሰው በሠፈረበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ይባላል። የለኩት ማዕድን ፍለጋ የመጡ ሰዎች ነበሩ። መዝገቡ የስድስት ዓመት ነው። ሙቀቱ ግን ከ1966 ወዲህ አልበረደም፤ ጨው ቆራጩም ሥራውን አልተወም። አሃዙ ቀኑን ይነግረናል እንጂ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አይነግረንም።

ከሰመራ፣ ከጎዴ፣ ከጋምቤላ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ስትገቡ እናቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉ። ታሪክና ቋንቋ የምናጠናው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው? እኛ ደብተር ገዝተናል፤ የመጀመሪያው ገጽ የእማማ ነው።

ሸሚዞቹ በአራተኛው ቀን ደረቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀት ላኩልን ያለ የለም።