ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ ስለ ገመድና ስለ ዕጣ

አንባቢ ሆይ! የዓባይን በረሃ ተሻግረው የደጀንን አቀበት ከወጡ በኋላ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ቢይዙ፥ በመጀመሪያ ቢቸናን፥ ቀጥሎም ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣን ያገኛሉ። በስተግራዎ የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። በስተቀኝዎ ደግሞ ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። የቢቸና ዙሪያ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፥ ጤፍ ሲዘሩበት ግን ድካምን ያስረሳል።

መንገደኛ በመኪና መስኮት ሲመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቅበት ነገር የማሳው ማነስ ነው። አንዱ ቁራሽ ጤፍ፥ አንዱ ስንዴ፥ አንዱ ጓያ ሆኖ በቀጭን ድንበር ተለያይቶ ይታያል። የአንድ ገበሬ መሬትም በአንድ ስፍራ አይገኝም፤ አንዱ ከወንዝ አጠገብ፥ አንዱ ከሜዳው፥ አንዱ ከጭንጫው ላይ ነው። የከተማ ሰው ይህን አይቶ «ምነው ሁሉን በአንድ ላይ ቢይዙት?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን የስንፍና ሳይሆን የፍትሕ ነው። ጥቁሩ አፈር ለአንዱ፥ ድንጋዩ ለሌላው እንዳይደርስ፥ ለሙም፥ መካከለኛውም፥ ጠፉም ለየብቻ ተቆርሶ ለሁሉም ይዳረሳል። ዋጋው ደግሞ የበሬና የሰው ድካም ነው።

የመሬቱ መለኪያ ጥማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲሆን የሄክታር ሩብ ያህል ይሆናል። አንድ ወጣት አግብቶ ጎጆ ሲወጣ የሚጠይቀው ስንት ጥማድ እንደሚደርሰው ነው። የዚህም ጥያቄ መልስ በዚህ አገር በየዘመኑ ተለዋውጧል።

የቀድሞው መልስ ርስት ነበረ። አሜሪካዊው አለን ሆበን ከዚህ በስተምዕራብ ባለው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞታል። በሥርዓቱ መሠረት አገሩን ካቀናው አባት በወንድም ሆነ በሴት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ይህ ለሰሚው መልካም ነው። ነገር ግን ጠያቂው ከመሬቱ በዛ፤ ስለዚህ ሐረጉን ቆጥሮ የሚሟገት፥ ሽማግሌ የሚሰማው፥ ለዳኝነት ወጪ የማይቸገር ሰው የበለጠ ያገኝ ነበር። የትውልድ ሐረግ የሌለው እንግዳና የእጅ ሠራተኛ ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ ርስቱን ይወድ ነበር፤ ገመድ ይዞ የሚመጣውን መንግሥት ግን ይፈራ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ቢቸና፥ ሞጣና ደጋ ዳሞት አመፁ። ገማች ከመጣ ቆጣሪ ይከተላል፥ ቆጣሪ ከመጣም ርስት ይሄዳል ብሎ ገበሬው ሰግቶ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳያልፍ ወሰነ፤ ማደላደሉንም ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሐረግ መቁጠር ቀርቶ የቤተሰብ ብዛት መቁጠር ተጀመረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ አዋጅ ሌላ ድልድል መጣ። ብዙ ጎጆ ወጪዎችና ሴቶች መሬት አገኙ። ነገር ግን «ቢሮክራሲ» እና «ቅሪት ፊውዳል» የተባሉት ሰዎች ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ፥ ለሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ ተፈቀደ። በቀበሌ ማኅበር አነስተኛ ሹመት የነበረው ሰው እንኳ «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተጻፈ። ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ሄዱ።

አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መሬቱ በትክክል ከተቆረሰና ቆራሹ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ካላወቀ፥ ዕጣ ንጹሕ ዳኛ ነው። ወንድማማቾች ሥጋ ሲከፋፈሉም መደብ መድበው ዕጣ ይጥላሉ፤ ማንም አይቀየምም። ነገር ግን ዕጣ የሚዳኘው ስማቸው በተጻፈ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ስም የቀረበት ሰው ዕጣው ቢወጣ ባይወጣ ምን ይጠቅመዋል? እንግዲህ ፍርዱ ያለው ከገመዱና ከዕጣው ቀድሞ፥ በመዝገቡ ላይ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ መሬት ለሌለው ነዋሪ የአትክልት ቦታ እንዲከራይ ያዛል። የተለመደው ልክ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛ ጥማድ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ፈላጊ ሲበዛ ስም በተራ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ያገኛል። ይህም ቀና ነው፤ ጉድለቱ ግን ወሬውን ቀድሞ የሰማው ሁልጊዜ ፊተኛ መሆኑ ነው።

ዛሬ በቢቸናና በሞጣ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ የወሰን ክርክርም በመዝገብ ይታያል። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጠቅላላ ድልድል አልተደረገም። በክፍል ውስጥ ፊቴ የሚቀመጡት የገበሬ ልጆች ሁሉ፥ እኔም መምህራቸው፥ ከዚያ በኋላ የተወለድን ነን። ከእነርሱ ብዙዎቹ የአባታቸውን ጥማድ ከወንድምና ከእኅት ጋር ይካፈላሉ፤ ወይም ተደራጅተው ከወል መሬት፥ ከተራራ ጥግና ከቦረቦር፥ ለንብና ለዛፍ የሚሆን ቁራሽ ይጠባበቃሉ። ቁራሹ ትንሽ ሲሆን አድልዎው ትልቅ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ እናንተ ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የምትይዙ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች፥ ከሦስት ነገር አትጉደሉ። ማን እንደሚገባው የሚወስነው ደንብ የሰዎቹ ስም ከመታወቁ በፊት ይነገር። መዝገቡ በቤተ ክርስቲያኑም፥ በመስጊዱም፥ በገበያውም ይነበብ፤ የቀረም ሰው አቤት የሚልበት ቀን ይሰጠው። መሬቱ ተቆርሶ ሳያልቅ ዕጣ አይጣል። ይህ ከሆነ ጠፍ የደረሰው ሰው በዕድሉ ያዝናል እንጂ በጎረቤቱ ቂም አይዝም። ቂም የሌለበት ድንበር ደግሞ ጠባቂ አያስፈልገውም።