መርከቡ ሰው አይጠብቅም

አማርኛችን በባህር ጉዳይ ቸር ነው። ጣናን ባህር ይለዋል፤ ከአውስትራሊያ የመጣውን ግንድ ባህር ዛፍ ይለዋል፤ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበትን አገር ሁሉ ባህር ማዶ ይለዋል። ባህሩን ራሱን ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ “ዘንድሮ ክሩዝ ልንሄድ ነው፣ እናንተም ኑ” ሲል፣ ያዲስ አበባው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው “መርከቡ ወዴት ነው የሚወስደን?” ብሎ ነው። ትክክለኛው መልስ “የትም” ነው። ሰባት ቀን ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ወደብ ይመልስሃል። ይኼን ለእናቴ ሳስረዳት “ታዲያ ለምን ይነሳል?” አለችኝ። እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም።

ታናሽ ወንድሜ ግን መልስ ነበረው። አትላንታ ነው የሚኖረው። እሱና ባለቤቱ ሥራቸው አይገጥምም፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ ከስልካቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በዓመት ውስጥ አምስቱም ባንድ ገበታ የሚቀመጡበት ቀን በጣት ይቆጠራል። (አምስተኛዋ የባለቤቱ እናት ናቸው፤ እሳቸው “ውኃ ላይ አልተኛም” ብለው ቀሩ።) መርከብ ላይ ማንም የትም አይሄድም፤ ሻንጣ አንዴ ይፈታል፤ እናቴም በአሞራ ጉልበቷ ደረጃ ሳትወጣ በሊፍት ሦስት አገር ታያለች። ሒሳቡ ይኼ ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. እናቴና እኔ ከአዲስ አበባ ሄድን፤ ከዚያም ሁላችንም ከማያሚ ተሳፈርን።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ከሁሉ በፊት ቪዛ ነው። መርከቡ ከአሜሪካ ከወጣ ወጥታችኋል ማለት ነው፤ ስትመለሱ እንደገና መግባት አለ። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ መርከብ ላይ መውጣት ራስን ባህር ላይ ማስቀረት ነው። እኛ በሄድንበት ዘመን የሁለት ዓመት ቪዛ ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የምትሰጠውን ወደ ሦስት ወርና አንድ መግቢያ አጥብባዋለች። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የአሜሪካንም የየደሴቱንም መግቢያ አጣሩ። ሁለተኛ፣ ማዕበል ለሚከብደው ሰው ከመርከቡ መሐልና ከታችኛው ፎቅ ክፍል ያዙ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። መስኮት የሌለው ክፍል ይረክሳል፤ ግን ጠዋትና ማታ የማይለይበት ነው። ስልካችሁን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ የባህር ላይ ኔትወርኩ ከቲኬቱ የማይተናነስ ሒሳብ ሊያመጣ ይችላል። ለአስተናጋጅ የሚከፈለው ጉርሻ ደግሞ በየቀኑ በየሰው ስም ስለሚታሰብ አስቀድማችሁ ባጀት ያዙለት።

ምግቡ ጉዳይ ሰፊ ነው። ነሐሴ የአሜሪካ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ነው፤ የእኛ ደግሞ ፍልሰታ። እናቴ ፍልሰታን የምታፈርስ ሴት አይደለችም። እንግዲህ አስቡት፦ ጥብሱ፣ አሳው፣ አይብና ኬኩ እንደ ተራራ ከተደረደረበት አዳራሽ መሐል ነጠላ የለበሰች ሴት ባዶ ሳህን ይዛ ቆማለች። ያዳናት ሕንዳዊ አስተናጋጅ ነው። እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ላይ ማለት ይቻላል ለሕንዶች የሚሠራ የአትክልት ወጥና ምስር አለ። ሰውዬው “ወተት የለም፣ ቅቤ የለም” እያለ በእጁ አሳያት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስሯን ይዞ ይመጣ ነበር። ስምንት ወር ልጆቹን ሳያይ እንደሚሠራ ስትሰማ፣ በሰባቱ ቀን የሱን ያህል ሌላ ሰው አልመረቀችም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ።

መርከብ ወደብ ሲቆም ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ራሱ መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት ነው፤ ውድ ነው፣ አርባ ሰው ባንድ አውቶብስ ነው፣ ግን አውቶብሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። ሁለተኛው በራስ መውጣት ነው፤ መኪና ተከራይቶ ያሰኘህ ቦታ መሄድ። ርካሽ ነው፣ ነፃነት አለው፣ ግን ብትዘገይ መርከቡ ይሄዳል። ጎማህ ፈነዳ፣ እናትህ ደከማት፣ መንገድ ተዘጋ፣ መርከቡን አይመለከተውም። ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራስህ ወጪ በአውሮፕላን ትከተለዋለህ። ተማሪዎቼን “ግጭት” የሚባለውን የልብወለድ አላባ ሳስተምር ይኼንን ምሳሌ ባገኘው ኖሮ ሁለት ክፍለ ጊዜ በቆጠብኩ።

የእኛ ግጭት የተነሳው ጃማይካ ላይ ነው፤ ኦቾ ሪዮስ የምትባል ከተማ። ልጆቹ ደንስ ሪቨር የሚባለውን ፏፏቴ መውጣት ፈለጉ፤ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በድንጋዩ ላይ ሽቅብ የሚወጣበት፣ የታወቀ ቦታ ነው። ወንድሜ ግን በጨዋታ መሐል ቦብ ማርሌይ የተቀበረው ከዚያው አቅራቢያ፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር መሆኑን ተናገረ። እናቴ ለሬጌ ጆሮ የላትም። ስለ ሰውዬው የምታውቀው በ1997 ዓ.ም. ስድሳኛ ዓመቱ መስቀል አደባባይ ሲከበር መንገድ ተዘግቶባት በእግሯ መሄዷን ብቻ ነው። ወንድሜ ግን ቀጠለ፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ ንጉሡ ጃማይካን ጎበኙ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እ.ኤ.አ. በ1970 አባ ላእከ ማንደፍሮን፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን፣ ወደዚያ ላከች፤ ማርሌይም ሊሞት ወራት ሲቀሩት በእሳቸው እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በ1981 ሲቀበርም ፍትሐቱ በእኛ ሥርዓት ነበር።

“ተጠምቋል?” አለች እናቴ።

“ተጠምቋል።”

“እንግዲያ በፍልሰታ ደጁ ድረስ መጥቼ መቃብሩን ሳልሳለም አልመለስም።”

አለቀ። የወንድሜ ባለቤት ትንሹን ልጅ ይዛ በመርከቡ ጉብኝት ወደ ፏፏቴው ሄደች። እኛ አራታችን፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጁና እኔ፣ መኪና ተከራየን። ቤተሰብን እንዲህ መክፈል ብልህነት ነው፤ ቢያንስ ግማሹ መርከቡ ላይ ይገኛል።

መኪና ስትከራዩ ከመነሳታችሁ በፊት አራቱንም ጎን፣ ጎማውንና መስታወቱን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጭረቱን ሁሉ። የእኛ አከራይ፣ ስሙን ልተወው፣ አርባ ደቂቃ አዘግይቶ ካመጣት በኋላ የበሩን ጭረት ስንመለስ ሊያስከፍለን ዳድቶት ነበር፤ ቪዲዮውን ሲያይ “ኖ ፕሮብሌም” አለ። የኢንሹራንሱን ወረቀት አንብቡ፤ ለመያዣ የሚቆልፉት ገንዘብ ካርዳችሁን ባዶ እንዳያደርገው ተጠንቀቁ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ መርከቡ ቢያመልጣችሁ ያለሱ ምንም ናችሁ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ አስምሩበት። ጃማይካ በበጋ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ማያሚ ትቀይራለች። ስለዚህ በነሐሴ የደሴቲቱ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መርከባችን የሚሄደው በማያሚ ሰዓት ነበር፤ ስልካችን ግን ገና መሬት ስንረግጥ ራሱን ወደ ጃማይካ አዞረ። በስልክ ብቻ የሚተማመን ሰው አንድ ሰዓት የተረፈው እየመሰለው መርከቡን ጀርባውን ያያል። ከመሐላችን የታመነ ሰዓት የነበረው የእናቴ እጅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ስትወጣ አልነካችውም። ወንድሜ አስልቶ “ባንቺ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ተኩል ሳይሆን መርከቡ ላይ መሆን አለብን” አላት፤ መንገዱን ሙሉ እሷ ነበረች የምትቆጣጠረን።

ጃማይካ እ.ኤ.አ. እስከ ነሐሴ 6 ቀን 1962 የእንግሊዝ ቅኝ ስለነበረች መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጠቋሚ መብራት ባሰበ ቁጥር የዝናብ መጥረጊያውን እያስነሳ ነዳ። ከኦቾ ሪዮስ ወደ ላይ ሲወጡ ፈርን ገሊ የሚባል ሸለቆ አለ፤ ዛፉና ፈርኑ ከግራና ከቀኝ ገጥሞ ጣራ ይሠራል፣ ቀን ሆኖ ጨለማ ነው። ከዚያ ሲወጣ አፈሩ ቀይ ይሆናል፣ የወላይታ አፈር ይመስላል፤ ቦክሳይት ያለበት ነው። ሙዝ፣ ያም፣ በመንገድ ዳር የታሰረ ፍየል። መንገዱ ጠባብና ጉድጓዳም ስለሆነ በካርታ ያያችሁትን ርቀት በደቂቃ ሳይሆን በትዕግሥት አስሉት፤ እኛን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወስዶብናል።

ናይን ማይል ኮረብታ ላይ ነች። ልጅ ሆኖ የኖረባት ጠባብ ቤት አለች፤ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ድንጋይ አለ፤ መቃብሩ ያለበት ደግሞ ትንሽ ቤተ ጸሎት የሚመስል ክፍል ነው። እናቴ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አወለቀች፤ በሩን ተሳለመች፤ “ነፍስ ይማር ብርሃነ ሥላሴ” አለች። አስጎብኚው ዝም አለ። የሌሎቹ ጎብኚዎችም ስልካቸው ወረደ።

ስንወጣ በአማርኛ ስንነጋገር የሰማ አንድ ሽማግሌ፣ ጸጉሩ ወገቡ የደረሰ፣ “ጤና ይስጥልኝ” አለን። በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የንጉሡ አውሮፕላን ኪንግስተን ሲያርፍ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቷል። ያን ቀን ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሡ ወዲያው መውረድ እንዳልቻሉ ብዙ ተጽፏል፤ እሱ ግን የሚነግረን እንደ ትላንት ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ በወንድሜ አስተርጓሚነት ጠየቃት፦ “እርስዎ አይተዋቸዋል?”

እኔና ወንድሜ ተያየን።

እናቴ የመርሳ ሰው ናት፣ የወሎ። በ1965 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት ገበሬው አስፋልት ዳር ወጥቶ አውቶብስ እያስቆመ እህል ሲለምን፣ መንግሥት ረሃቡን ሲደብቅ፣ እናቴ በዚያው አስፋልት እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ የአራት ዓመት ታላቄን በእጇ ይዛ ወደ ደሴ ሄዳለች። ደሴ የደረስነው ሁለት ሆነን ነው። የሱ ስም በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ወንድሜ የተወለደው በኋላ ነው፤ እሱም የሚያውቀው ከዚህ የዘለለ አይደለም።

“አይቻቸዋለሁ” አለች እናቴ። “ደሴ ላይ፣ በመኪና ሲያልፉ። ፊታቸው ያበራ ነበር።”

ሽማግሌው እጇን ይዞ አለቀሰ። እሷም እስኪበቃው ድረስ እጇን አልነጠቀችውም።

መኪና ውስጥ እንደገባን ልጅቷ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ “እማማ፣ ንጉሡ ጥሩ ሰው ነው?” አለቻት። ወንድሜ በመስታወቱ አየኝ። እናቴ ትንሽ ቆየችና “የልጄ ልጅ፣ ሰው ቤት ገብተው ጣራውን አያፈርሱም” አለች። ከዚያ ሳይጠይቋት ቀጠለች። አስፋልቱን ነገረቻት፤ ሌሊቱን ነገረቻት፤ ልጁ ጫማ እንዳልነበረው፣ በመጨረሻ የጠየቃት ውኃ ሳይሆን “መቼ ነው የምንደርሰው” ብሎ እንደሆነ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ የወንድሜን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጃማይካ ኮረብታ ላይ፣ በግራ በሚነዳ የኪራይ መኪና ውስጥ ሰማሁ። አስፋው ነው።

ለሽማግሌው የመለሰችው ውሸት ነበር የሚል ካለ እከራከረዋለሁ። አይታቸዋለች፣ አበሩ። ከዚያ ያለፈውን ደግሞ እንግዳ ለሆነችበት አገር ሰው ሳይሆን ለራሷ ልጅ ልጅ ተናገረችው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ተራኪ ምርጫ ስንት ሰዓት አውርቻለሁ።

ወደቡ የደረስነው በእናቴ ሰዓት ከሌሊቱ አራት ተኩል ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ተርፎን ነበር። ከመርከቡ ሰገነት ሆነን ቁልቁል ስናይ ሁለት ሰዎች የገበያ ፌስታል ይዘው ወደቡን ሲሮጡ ነበር፤ ከላይ ያለው ሕዝብ ያጨበጭብላቸዋል። ደረሱ።

በማግስቱ ግራንድ ኬይማን ነበርን። እዚያ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ ስለሌለ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚወረደው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው አስቸጋሪ ነው፣ ይኼን ዕወቁት። እናቴ ቀረች። ልጅቷም “እቀራለሁ” አለች፤ ስልኳን ክፍል ትታ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ምስር ሲበሉ አገኘናቸው፤ ልጅቷም ስትጾም ውላለች።

ናይን ማይልንና አካባቢዋን ለማየት አሁን የምታስቡ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ የጃማይካን ምዕራብ ክፉኛ መትታዋለችና ስለ መንገዱና ስለ ወደቡ ጠይቃችሁ ሂዱ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ በመስከረም አካባቢ የመርከቡ ዋጋ የሚወርደውም በከንቱ አይደለም።

የመጨረሻዋ ማታ ልጅቷ ሰገነት ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። “ጋሼ፣ መርሳ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?”

“ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያዢ።”

“መከራየት ይቻላል?”

“ይቻላል” አልኳት፤ “ለአባትሽ ግን ንገሪው፣ እዚያ በቀኝ ነው የሚነዳው።”