ከኋላ የቆመው ልጅ

«ኤይትቢት ቦክስ» የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። ኢየሎ የተባለ የፈረንሳይ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ነው። ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የድሮ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ የገዛ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን ገመድም ስክሪንም የለም። ጆይስቲኮቹ የካርቶን ናቸው፤ በላያቸው ላይ በጣት የሚዞሩ ክብ ካርቶኖች አሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያደርገውን በድብቅ አዙሮ ይመርጣል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። አብረውት ሦስት ጨዋታዎች ይመጣሉ፦ አንዱ ማሳደድ፣ አንዱ የተሽከርካሪ እሽቅድምድም፣ አንዱ ደግሞ የአትሌቲክስ ውድድር። ሦስቱም በልጅነታችን ስክሪን ላይ ያፈጠጥንባቸውን ጨዋታዎች ያስታውሳሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ናምኮ ፓክማንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በ1982 ደግሞ ሚልተን ብራድሊ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የጠረጴዛ ጨዋታ አደረገው። ማሽኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌላው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በጠረጴዛው ዙሪያ ግን እስከ አራት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም የራሱን ፕላስቲክ ፓክማን እየገፋ ብይ ያስውጠዋል።

ኤይትቢት ቦክስን ከውጭ የመጣ ወዳጄ ለወጣቶች ኅብረታችን በሻንጣው ይዞልን መጣ። ያወጣነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት በሄደበት ሰዓት ነበር። «መብራት የማይፈልግ ጌም!» ብለው ሳቁ። በእኔ ዕድሜ ያሉት አገልጋዮች ወዲያው ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት ያወሩ ጀመር፤ ማን በማን ላይ ስንት እንዳገባ ሁሉ ትዝ አላቸው። የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ሁሉም በትዝታው ውስጥ ራሱን የሚያየው ጆይስቲክ ይዞ ነው።

የእኔ ትዝታ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ በሰፈራችን የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሕጉ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። ጨዋታው አንድ ብር ነበር። ብር የሌለው ከአግዳሚው ኋላ ይቆማል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ የምገኘው እዚያ ነው። ዊኒንግ ኢለቨንን የተማርኩት በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። የትኛው ቁልፍ ኳስ እንደሚያሻግር፣ የትኛው እንደሚመታ በቃሌ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን ቁልፉን አያውቀውም። ቤቱ ሲሞላ ባለቤቱ «የማይጫወት ይውጣ!» ይላል። ያኔ ወጥተን በመጋረጃው ቀዳዳ እናያለን።

አንድ ቀን ከእኔ ከፍ የሚል የሰፈራችን ልጅ፣ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ እያለ በእረፍቱ ላይ ወደ ኋላ ዞረና «ና፣ ሁለተኛውን አጋማሽ አንተ ጨርስልኝ» አለኝ። ጆይስቲኩ ከእጁ ላብ የተነሳ ይሞቅ ነበር። ሦስት ለባዶ ተሸነፍኩ። ከኋላ የቆሙት ሳቁብኝ፤ እኔም ሸሽቼ ልወጣ ስል እሱ ምንም ሳይል ኪሱ ገብቶ አንድ ብር ለባለቤቱ ሰጠ። የተሸነፍኩት እኔ፣ የከፈለው እሱ። ከዚያ በኋላ በገዛ ገንዘቤ የተጫወትኳቸውን ጨዋታዎች ውጤት ረስቻለሁ፤ ይህንን ግን አልረሳሁም።

ቅዳሜ ዕለት ወደሆነው ልመለስ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ስድስት ጆይስቲክ ነው፤ እኛ አሥራ አንድ ነበርን። ስድስቱ ተቀመጡ፤ አምስቱ ከኋላ ቆሙ። ከቆሙት መካከል ከክፍለ ሀገር ከመጣች ገና ሁለት ሳምንት የሆናት እህት ነበረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን ትነካካለች። ስልኩ ላይ የምታየው ነገር እንዳልነበረ ከሁኔታዋ ያስታውቃል። ስለዚህ ደንቡን ትንሽ ቀየርነው፦ አንድ ጆይስቲክ ለሁለት ሰው፣ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይመክራል፤ በየዙሩ ይቀያየራሉ። ጨዋታው ተበላሸ? እንዲያውም ደመቀ። ሚስጥር ለመያዝ ሁለት ሁለት ሆኖ መንሾካሾክ መጣ። ያቺ እህት የማሳደዱ ጨዋታ ላይ ሁላችንንም አደከመችን፤ ስሟን የማያውቅ ሰው ሳይኖር ወደ ቤት ሄድን።

ውድ ወጣቶች፣ ትዝታ ደስ ይላል፤ ግን መራጭ ነው። ጆይስቲኩን ያስታውሰናል፣ ከኋላ የቆመውን ልጅ ይተወዋል። የጨዋታ ሠሪዎች የልጅነታችንን መልክ በካርቶን ሊመልሱልን ይችላሉ፤ ጎበዞችም ናቸው። ሁለተኛውን አጋማሽ የሚሰጥ ልጅ ግን በሳጥን ውስጥ ታሽጎ አይመጣም፤ እሱ ከመካከላችሁ መውጣት አለበት።

እንግዲህ በሚቀጥለው ኅብረት ጨዋታ ስታወጡ፣ የካርቶንም ይሁን የስልክ፣ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር በሉና የቆሙትን ቁጠሩ።