የቀጨኔ ዳገትና የቤታችን መኪና

አማቴ የሚኖሩት ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቢሆንም ወር በገባ በ27 መድኃኔዓለምን ሳይሳለሙ አይውሉም። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ባይሆንም ዳገቱ ለጉልበታቸው ከብዷል። ስለዚህ በየወሩ ባለቤቴ፣ የልጅ ልጃችንና እኔ በአሮጌዋ አውቶማቲክ ቪትዛችን እናደርሳቸዋለን።

ቀጨኔ ከፒያሳ ጊዮርጊስ ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ እንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከላይ የባሕር ዛፉ ጫካ፣ ከታች የቀጨኔ ወንዝ፣ መሐል ላይ እርስ በርስ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች። በየደጁ ጀበናና ድስት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ሸክላ የሚተኮስበት ጢስ ይሸታል፤ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅም ከአጥር ጀርባ ይሰማል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ የመኪናን ጉድ ያወጣል።

የእኛንም ያወጣው እሱ ነው። ባለፈው ኅዳር 27 አማቴን ከፊት፣ ልጅቷንና ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ሽቅብ ስወጣ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ቆመ። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ብቻ ጨመረ። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ፍሬን ይዤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አማቴ «ኧረ መድኃኔዓለም!» ሲሉ ሁለት የሰፈር ልጆች ሮጠው መጥተው ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደገፉልን። እነዚያ ልጆች ይባረኩ።

ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰፈሬ ያለ አንድ ጋራዥ አሳይቼ ነበር። ባለሙያው ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል፣ ሙሉውን ይቀየር» ብሎኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ መንዳት መረጥኩ። ሜዳ ላይ ደህና ትሄድ ነበርና ራሴን አታለልኩ። ቤተሰብ አሳፍሮ እንዲህ ማድረግ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ልጆቹ አንድ ወጣት መካኒክ ጠሩልን። መጀመሪያ የነካው ጥያቄን እንጂ መፍቻ አልነበረም። «ጋሼ፣ ዲ ላይ ሲያስገቡት ወዲያው ይይዛል ወይስ ይቆያል? ሜዳ ላይስ? ያቆሙበት ቦታ ዘይት አይተዋል?» ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ያስረዳኝን ለሌላው ቤተሰብም ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ።

እንደ አዲስ አበባ ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም አነስተኛ ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል። ሞተር ሲደክም ግን ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ካምቢዮው እየሸሸ ነው። አውቶማቲክ መኪና በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም፤ በውስጡ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች አጣብቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል፣ በተለይ ዳገት ላይ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ፣ ፓምፑ አየር ይስባል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ሸራዎቹም ይንሸራተታሉ።

ወደ ሜዳው ቀስ ብለን ካወረድናት በኋላ የካምቢዮውን ዘይት ለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ፒ ላይ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚለካው። መለኪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር የረጠበው። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ጠርጎ አሸተተው። «ቀይነቱ አልጠፋም፣ የማረር ሽታም የለውም። ጠቁሮ ቢያርር ኖሮ ሸራዎቹ ተበልተዋል ማለት ነበር።» ከሥር ገብቶ ሲያይ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ከካምቢዮው በሚወጣበት በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ያፈሳል።

አዲስ ፓራኦሊዮ ገባ፤ ዘይቱ ተቀየረ፣ ፊልትሮውም ጸዳ። ዘይቱን የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዘው ዓይነት ውጭ አልሞላም። «አዲሶቹ ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው፤ የእነሱ ዘይት ሌላ ነው። ቢደባለቅ ካምቢዮ ይገድላል» አለኝ። ደግሞም እንደኛዋ በፊት ጎማ የምትነዳ አውቶማቲክ መኪና ስትጎተት የፊት ጎማዎቿ ከመሬት መነሳት አለባቸው። የከፈልኩት ሁሉ ተደምሮ መጀመሪያ ከተጠየቅሁት አንድ አሥረኛ አልሞላም።

ሥራው እስኪያልቅ የመካኒኩ እናት ደጅ ተቀመጥን። ሸክላ ሠሪ ናቸው። የልጅ ልጄ ጀበና ስታነሳ ተቀብለዋት በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል» አሏት። ልጃቸው ከመኪናዋ ሥር ሆኖ የሚያደርገው ያንኑ ነበር፤ ሳይፈርዱ መስማት።

የዚህን ሰፈር ባለ እጆች ስንቱ «ቡዳ» እያለ ሰድቧቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው። አውቶሞቢሉን ወዲያው ለመድን፤ አዋጁን ግን ገና አልለመድነውም። እኔም ልጅ ሳለሁ ያንን ቃል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን የልጅ ልጄ ቀጨኔን የምታስታውሰው ድንጋይ በደገፉልን ልጆችና በዚያች ጀበና ቢሆን ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 27 ተመልሰን ወጣን። ዳገቱ መሐል ስንደርስ አማቴ የበሩን እጀታ ጨበጡ። መኪናዋ ሳትጮኽ ወጣች። እጃቸውን የለቀቁት ግን ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ነው።